መጤነታችንን ለማስመስከር ወደ ጨፌ ገርባ

ሐሙስ ንጋት፣ አምቦ

ፀሐይ ሳትወጣ መናኸሪያ ደርሰናል። ኅዳር ገብቷል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ሹፌሩ “ጌዶ! እጃጂ! አንድ ሰው ብቻ!” እያለ ይጣራል። አጮልቄ ሳይ ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጃኬትና ከአንድ ጆንያ ጎመን በስተቀር የተቀመጠ የለም።

“አንድ ሰው ብቻ ያልከው ጎመኑን ቆጥረህ ነው?” አልኩት።

“አባባ፣ ዝም ብለው ይግቡ። እርስዎን ሲያይ ሌላው ይገባል።”

“እኔን አይቶ የገባ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም” አልኩና ገባሁ።

አብሮኝ ያለው ሐጂ ሰማን ነው። ከስልጤ መጥቶ አምቦ ገበያ ዳር ጨርቅ ሲሸጥ የሸበተ ሰው ነው። ለሽምግልና የመረጥኩት ሰው ስለሚያከብረው ነው። እኔን ሰው አያከብረኝም፤ አፌ አይመችም።

የምንሄድበትን ጉዳይ አላድበሰብስም። የእህቴ የአስቴር ልጅ ብሩክ አስተማሪ ነው። አብራው የምታስተምር ሌንሴ የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። ባለፈው ወር ሽማግሌ ላክን። አባቷ ኦቦ ጉተማ ሽማግሌዎቹን በደንብ ተቀብለው፣ አብልተው፣ አጠጥተው፣ “ልጄን ለወንድሟ አልሰጥም” ብለው ሸኟቸው።

ነገሩ ከአያቴ ይጀምራል። አያቴ ወልደየስ የመንዝ ሰው ነው። በድሮው ዘመን የአንድ መልከኛ ጠመንጃ ተሸክሞ ጨፌ ገርባ ወረደ፤ መሬት ተመራ፤ እዚያው ቀረ። ቤተሰባችን ይህን ክፍል ቶሎ ቶሎ ብሎ ያልፈዋል። ድምፃችን ከፍ የሚለው ቀጥሎ ያለው ላይ ነው፦ የኦቦ ጉተማ ጎሳ አያቴን በሞጋሳ ልጁ አድርጎታል። ሞጋሳ ማለት ባዕድ ሰው በሬ ያመጣል፤ በሬው ሽማግሌ እየመረቀ በጦር ተወግቶ ይታረዳል፤ ሰውየው እጁን ደሙ ላይ ያኖርና ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎሳው ልጅ ይሆናል። ጠላታቸው ጠላቱ ነው። ሴት ልጃቸው ደግሞ እህቱ ናት። እሱም አያገባትም፣ ልጁም አያገባም፣ የልጅ ልጁም አያገባም።

ይህን ታሪክ አምቦ ውስጥ እንደ እኔ ያወራው የለም። ለቅሶ ቤት አውርቼዋለሁ፤ ጠጅ ቤት አውርቼዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ ማታ ማታ ነው። መምህሩ “ስለ ራሳችሁ አንድ ነገር ጻፉ” ሲሉን መጀመሪያ የጻፍኩት “የአያቴ እጅ በሬው ደም ላይ ነበር” የሚል ነው። ሰፋሪ ላለኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነበር። ይኸው መልስ አሁን የእህቴን ልጅ ሚስት ከለከለው።

ያን ቀን ያየ በሕይወት ያለ ሰው አንድ ነው፤ የኦቦ ጉተማ አክስት አዴ ጫልቱ። ያኔ ልጅ ነበሩ። እሳቸው ሞጋሳው አልተፈጸመም ካሉ ብሩክ ያገባል፤ እኔ የመጤ ልጅ ሆኜ እቀራለሁ። ተፈጽሟል ካሉ እኔ ዘመድ እሆናለሁ፤ ብሩክ ያለቅሳል።

“የቱን ነው የምትፈልገው?” አለኝ ሐጂ።

“ለእህቴ ቃል ገብቻለሁ።”

“እሱን አልጠየቅኩህም” አለና ጋቢውን አፉ ድረስ ሳበ።

ረፋድ፣ ጉደር

ጉደር ላይ ሽንኩርት መንገዱን ይዞታል። ቀይ ሽንኩርት በጆንያ፣ ቀይ ሽንኩርት በጋሪ፣ ቀይ ሽንኩርት በሴቶቹ ጀርባ። ሹፌሩ ለራሱ ሊገዛ ወርዶ ከአንዲት ሴት ጋር ይከራከራል። ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ይሳደባሉ፤ ሲስማሙ በሁለቱም ይመራረቃሉ።

እኔ ፊደል ካወቅሁ ወዲህ የማላነበው ሰሌዳ የለም። ፀጉር ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ “እዚህ መሽናት ክልክል ነው”። በቁቤ የተጻፈውን ግን አላውቅም። ሐጂ ደግሞ ከልጆቹ ደብተር ላይ ቁቤ ለምዷል፤ የአማርኛው ፊደል ያምታታዋል። ስለዚህ እኔ የላይኛውን መስመር አነባለሁ፣ እሱ የታችኛውን። ተጋግዘን አንድ የተማረ ሰው ወጥቶናል።

“ተመልከት” አለ ሐጂ የጉደርን ድልድይ ስንሻገር። “እኔ በዚህ መንገድ አምቦ ስገባ ‘መጤ ነኝ’ ብዬ ገባሁ። አንድም ሰው ምስክር አምጣ አላለኝም።”

“አንተ ጨርቅ ተሸክመህ ነዋ የገባኸው። የእኔ አያት ጠመንጃ ነው የተሸከመው።”

 ሐጂ ዞሮ ወንዙን አየ።

እኩለ ቀን፣ ጌዶ

ዳገቱን ስንጨርስ ጌዶ በጉሟ ተቀበለችን። ገብሱ ገና አልታጨደም። ከብት ነጂዎች አስፋልቱን የራሳቸው አድርገውታል፤ ሹፌሩ ጡሩምባ ቢነፋ በሬዎቹ ዞረው እሱን ያዩታል እንጂ አይነቃነቁም።

እዚህ አክስቴ ወይዘሮ ዘነበች አለች። የወልደየስ የመጨረሻ ልጅ ናት። ጥርስ የላትም፤ አፍ ግን አላት። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረበችልንና ጉዳያችንን ሰማች።

“አባቴን መጤ ልታሰኘው ነው?” አለችኝ። “ብሩክ ሌላ ሴት ይፈልግ። አምቦ ሴት ጠፋ?”

“አክስቴ፣ ልጁ ወዷታል።”

“ይውደዳት። እህቱን የማይወድ አለ?” ወደ ሐጂ ዞረች። “ሐጂ፣ አባቴ ሲመጣ ያ አገር ባዶ ነበር። ጫካ! ሰው የሚባል አልነበረም። በገጀራ መንጥሮ ነው ያቀናው።”

ሐጂ ድንቹን እየላጠ፣ በትሕትና፣ “ሰው ካልነበረ፣ እማማ፣ ማን ነው ልጅ ያደረጋቸው?” አለ።

አክስቴ ሚጥሚጣውን ወደ እሱ ገፋች።  እነዚህን ሁለት ወሬዎች ዕድሜ ልኬን ጎን ለጎን ሳወራቸው ኖሬያለሁ፤ ተጋጭተው አያውቁም ነበር።

“እርስዎ እንግዳ ነዎት፤ አይገባዎትም” አለች አክስቴ። ከዚያ ተነሥታ አልጋዋን ከደገፈው ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ቁርበት አወረደች። ግራጫ ነው፤ ፀጉሩ አልቆ እንደ ጣውላ ደርቋል። ጎኑ ላይ የተሰፋ ቀዳዳ አለ። “የሞጋሳው በሬ ይኸውልህ። ጦሩ የገባበት ይኸው። በዚህ ላይ ተኝቼ ነው ያደግሁት። ይዘኸው ሂድ! ይዘኸው ሂድና ዓይናቸው እያየ መጤ ነኝ በል፣ ወንድ ከሆንክ!”

ቁርበቱ አይታጠፍም። ሹፌሩ የሦስት ሰው ቦታ ይዟል ብሎ አጉረመረመ፤ ከጎመኑ ጋር ከላይ አሠርነው።

ማምሻውን እጃጂ ገባን። መንገድ ዳር ባለች ሆቴል ሐጂ አንጮቴ የሚሉትን ሥር በእርጎ አዘዘ፣ እኔ ጥብስ። በክርስቲያን እጅ የታረደ ስለማይበላ ከእኔ የተሻለ እራት በላ፤ የእኔ ጥብስ ጫማ ነበር።

“ያን ቁርበት እዚሁ ተወው” አለኝ። “ነገ ምን ያደርግልሃል?”

“ምንም” አልኩት። አልተውኩትም።

ዓርብ ጠዋት፣ ጨፌ ገርባ

ከእጃጂ ወደ ታች ያለው መንገድ መንገድ አይደለም፤ ዝናብ የቀደደው መሬት ነው። የተከራየነው ባለባጃጅ እስከ ጅረቱ ወሰደንና “ከዚህ በላይ እናቴ አትፈቅድልኝም” ብሎ አወረደን። ሐጂ ለጁምዓ እጃጂ መመለስ አለበት፤ ቶሎ ቶሎ ይራመዳል። እኔ ቁርበቱን በራሴ ላይ ተሸክሜ እከተላለሁ። ጤፍ የሚያጭዱ ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ። አንደኛው፣ “ኦቦ፣ ጣሪያህን ይዘህ ነው የምትሄደው?” ብሎ ጮኸ።

ቦታው ያምራል። ጨፌው ረግረግ ነው፤ ሣሩ ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። ከብቶች ተበትነውበታል። ዳር ዳሩን ያረጁ ዋርካዎች ቆመዋል። የአክስቴን “ባዶ ነበር” አስታወስኩ። ይህን የመሰለ ግጦሽ ከብት ሳያውቀው የሚቆይበት ዘመን አልነበረም። ይህን የሚያይ ዓይን የለኝም ብዬ እንዳልዋሽ፣ የጭነት አውራጅ ነበርኩ፤ ባዶ ቦታና የሰው ቦታ ለይቼ አውቃለሁ።

ከጅረቱ ዳር ለምለም ሣር ቆርጠን ይዘን በሩ ላይ ቆምን። ለልመና የመጣ እንደዚያ ነው የሚቆመው፤ ግቡ እስኪባል አይገባም። ኦቦ ጉተማ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቅ የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ወጥተው አዩን። ቁርበቱን አዩት።  “ታኣ፣ ተቀመጡ” አሉን።

ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች ተጠርተዋል። አዴ ጫልቱ ፀሐይ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ጩኮ የሚሉት የገብስ ዱቄት በቅቤ ተለውሶ መጣ። ሐጂ ጉሮሮውን ጠራርጎ ከእኔ በሚሻል ኦሮምኛ የመጣንበትን ተናገረ።

“ልጁን እወደዋለሁ” አሉ ኦቦ ጉተማ። “ሕጉን ግን እኔ አልሠራሁትም። ወንድማማች ነን የምትሉት እናንተ ናችሁ። አክስቴ ታውቃለች፤ ትናገር።”

አዴ ጫልቱ መሳቅ ጀመሩ። ከመናገራቸው በፊት ብዙ ሳቁ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

“በሬው!” አሉ። “ጥቁር ወይፈን ነበር፣ ያልተገራ። አያትህ ወልደየስ ንፉግ ነው፤ ርካሽ ፈልጎ ነው የገዛው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ሊመርቁ ሲጀምሩ ወይፈኑ ገመዱን በጠሰ። በዚህ በጨፌው ገባ። ወንዶቹ ሁሉ ተከተሉት፤ አያትህ ከፊት ከፊት፣ ቁምጣውን ይዞ! የመራቂዎቹ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ወንዶቹ ሲመሽ ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡ። ወይፈኑ ቆላ ወርዶ ጠፋ።”

“ከዚያስ?” አለ ሐጂ።

“ሌላ አምጣ አሉት። አመጣለሁ አለ። እስኪሞት ድረስ አመጣለሁ እንዳለ ነው።”

“ለምን አላስታወሳችሁትም?” አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

“ያኔ ጠመንጃ አለው፤ ማን ያስታውሰዋል? ኋላ ደግሞ ጠመንጃውም ዛገ፤ እሱም ለመደን። ለቅሶ ይመጣል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ እርሻ ላይ ያግዛል። እንዲህ ያለውን ሰው ‘በሬህ የት አለ?’ ማለት ያሳፍራል። ዝም አልን። ዝም ስንል እሱም የተፈጸመ መሰለው። ቆይቶ ለእኛም መሰለን።”

አለቀ። ለብሩክ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ሐጂ በደስታ ጭኑን መታ። ሰው ከሆንኩ “እግዜር ይስጥልን” ብዬ መነሣት ነበረብኝ። እኔ ግን ተነሥቼ ቁርበቱን አመጣሁና መሐል ላይ ጣልኩት። ጧ! አለ።

“ታዲያ ይህ የምን ቆዳ ነው?”

ሐጂ ጎኔን በክርኑ ወጋኝ። “ምን ነካህ? ጨርሰናል እኮ!” አለ በሹክሹክታ።

“በሬው ካመለጠ ቆዳው ከየት መጣ? ጦር የገባበት ይኸው!”

ኦቦ ጉተማ ፊታቸው ጠቆረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የብሩክን ሚስት በገዛ እጄ እየመለስኩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

አዴ ጫልቱ “አቅርበው” አሉ። ቁርበቱን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው። በመዳፋቸው ዳበሱት። ጣታቸው ዝም ብሎ ሄዶ ሄዶ የተሰፋው ላይ ቆመ። ሳቃቸው ጠፋ።

“ዳለቲ” አሉ።

ዳለቲ የላም ስም ነው፤ ግራጫ ላም እንደዚያ ትባላለች። አዴ ጫልቱ የነገሩን ይህን ነው። አያቴ በመጣ በዓመቱ ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች፤ ጡቷ ደረቀ። ጠመንጃ ወተት አይሰጥም። የአዴ ጫልቱ እናት የምትታለብ ላም ነድተው ወስደው ደጃፉ ላይ አሠሩለት። ላም ለሌለው ቤት ላም ያለው ጎረቤት አንዷን አውሶ ያሳልባል፤ ዳበሬ ይሉታል። ላሟ ጎኗን ጅብ ዘንጥሏት የዳነች ነበረች። እዚያው አርጅታ ሞተች። መልስ ያለው የለም።

“ሕፃኗን እኔ ነበርኩ የማዝላት” አሉ። “ዘነበች። አለች?”

“አለች” አልኩ። “ጌዶ ናት።”

“አሁንም ትጮሃለች?”

“አሁንም ትጮሃለች።”

ኦቦ ጉተማ ወደ እኔ ዞሩ። “የአክስቴ ቃል ለእኔ ይበቃል። ለሰው ግን አይበቃም። አምቦ ድረስ ‘የጉተማ ወንድም ነኝ’ እያልክ ያወራኸው አንተ ነህ፣ ታደሰ። አንተው በሽማግሌ ፊት አፍርሰው።”

ሣሬን ይዤ ቆምኩ። ከሐጂ በቀር ሁሉም እኔን ያያሉ፤ ሐጂ መሬት መሬት ያያል። ከባድ ጭነት አውርጄ አውቃለሁ፤ ይህን ያህል የከበደኝ ግን የለም።

“ኑቲ ገልቱ ዸ” አልኩ። እኛ መጤዎች ነን ማለት ነው። ልጅ ሳለሁ መንገድ ላይ ሲወረወርብኝ የኖረው ቃል ያው ነው።

አዴ ጫልቱ በከዘራቸው ቁርጭምጭሚቴን መቱኝ። የምሬን ነው፤ እስካሁን ያመኛል።

“በቤቴ ማን ገልቱ አለህ? ኬሱማ በል!”

ኬሱማ እንግዳ ነው። “ኑቲ ኬሱማ” አልኩ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘረጉ። መረቁን። በዚህ ምርቃት መሐል ገመድ የበጠሰ ወይፈን አልነበረም።

“አንድ ነገር ግን” አሉ ኦቦ ጉተማ፤ የቆጠቡት ሳቅ አሁን ወጣ። “ለሰርጉ ከእናንተ በኩል በሬ እንዳይመጣ! ሽማግሌ በተሰበሰበበት በሬ ካረዳችሁ አንዱ ተነሥቶ ‘ሞጋሳው ዛሬ ተፈጸመ’ ይላል፤ ሙሽራይቱን ከጫጉላ አስወጡ ሊባል ነው።”

“ወይፈኑ ይህን አውቆ ነው የሮጠው” አለ ሐጂ። “ብልህ ወይፈን!”

ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ትንሽ ዘግይቼ። አዴ ጫልቱ ጩኮውን በእጃቸው ጠቅልለው ወደ እኔ አቅጣጫ ዘረጉ። “ኢልማ ኮ፣ ኛዹ” አሉ። ልጄ፣ ብላ። ልጅ አይደለንም ብዬ ገና አፌን ሳልዘጋ። በላሁ።

ዓርብ ከሰዓት፣ መልስ

ሐጂ ለጁምዓ ደረሰ። እኔ ቁርበቱን ይዤ እጃጂ መንገድ ዳር ጠበቅሁት። አንድ ነጋዴ እንድሸጥለት ጠየቀኝ፤ ገሠጽኩት።

ጌዶ ስንደርስ አክስቴ በር ላይ ነበረች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ማለሳለስ አላውቅበትም።  ቁርበቱን ተቀብላ ወደ ውስጥ ገባች። ግድግዳው ላይ አልሰቀለችውም፤ አልጋዋ ላይ አነጠፈችው።

“ጫልቱ ዓይኗ ያያል?” አለችኝ።

“ደክሟል።”

“በሰርጉ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሌላ ሰው እንዳታስቀምጡ።” ከዚያ ሐጂን አየችው። “ሐጂ፣ ያን ጊዜ ሰው ነበረ ማለት ነው።”

“ነበረ መሰለኝ፣ እማማ” አለ ሐጂ።

ማታ፣ አምቦ

አምቦ ስንገባ መብራት ጠፍቷል። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ሴት በቆሎ ትጠብሳለች፤ ሁለት ገዛንና እየበላን ወደ እህቴ ቤት ሄድን። አስቴር በስልክ ሰምታለች፤ እልልታዋ ከአጥሩ ውጭ ተቀበለን። ብሩክ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ፤ ቁርጭምጭሚቴን ነካብኝና ጮህኩበት።

አስቴር እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። “ና፣ ላሳይህ። ሰው ሳይሻማ ብዬ ዛሬ ገዛሁ” አለች።

የእጅ ባትሪዋን አበራች። ጓሮው ውስጥ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ጥቁር በሬ ታሥሯል። የሚያክለው የለም። ቀና ብሎ አየኝ።

ሐጂ አጥሩን ይዞ ተንበረከከ፤ ሳቅ ነው የጣለው። እህቴ ግራ ገባት፤ “ምን አደረግሁ?” ትላለች። ምንም አላደረግሽም አልኳት። ገመዱን ጠበቅ አድርጌ አሠርኩት። ለዛሬ ብቻ ነው፤ በሚመጣው ገበያ ጉደር ወስጄ እሸጠዋለሁ። በምትኩ ለኦቦ ጉተማ ደጃፍ ጊደር እገዛለሁ፤ ግራጫ ካገኘሁ ግራጫ።